እርጥብ ጆንያ ውስጥ ያደረው ጠመንጃ

የጋሽ ደምሴን ሞት የሰማሁት ከሲሚንቶ ዋጋ ጋር ተደባልቆ ነው። ከጅጅጋ እንጨት የሚያመጣልኝ ሹፌር መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ ገመድ እየፈታ ሲሚንቶ መወደዱን ነገረኝ፤ ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ጫሌ፣ ሁለት ቀን መቆሙን ነገረኝ። ከዚያ "ያ የድሮ ጓደኛህ፣ ጠመንጃ ሠሪው ሽማግሌ፣ ድሬዳዋ ላይ አረፉ እኮ። አርባቸውም የወጣ መሰለኝ" አለና "ይሄን ጣውላ የት ላውርደው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጭንቅላትህ ላይ አውርደው!" አልኩት።

ምን በደለኝ? ምንም። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ ሲከፋኝ አጠገቤ ያለውን ነው የምቆጣው። ጣውላውን ብቻዬን አራገፍኩ፣ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁ፣ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ባለቤቴ እቴነሽ ፊቴን አይታ "ማን ሞተ?" አለች። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመችና "ነገርካቸው ወይ?" አለችኝ። ለማን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው ሐርጌሳ ከፍርስራሽ በምትነሣበት ዘመን ነው። ያኔ ሰው ከስደት ይመለስና ግድግዳው ሳያልቅ በር ያዛል። ጣሪያ የለውም፤ በር ግን ይፈልጋል። እኛ አናጢዎቹ ደግሞ ከሥራ ብዛት መተንፈሻ አጥተናል። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ግማሽ ጣሪያው በጦርነቱ የተነቀለ ቤት ተከራይቼ በርና መስኮት እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ያልተስተካከለ ሰው ገብተው የምሠራውን በር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና "ይሄ በክረምት አይዘጋም" አሉኝ።

"ሐርጌሳ ደግሞ ምን ክረምት አላት?" አልኩ።

"ውሃ ከሰማይ ይወርዳል አይደል? ያ ከሆነ አይዘጋም።"

አልዘጋም። ዝናብ መጣ፣ በሩ አበጠ፣ ባለቤቱ መጥቶ በሰፈሩ ፊት ሰደበኝ። በማግስቱ እኒህን ሰው ፈልጌ አገኘኋቸውና አብረን መሥራት ጀመርን።

ሃያ ዓመት በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ሠራዊቱ ሲበተን ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እሳቸው የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም መሰለኝ፤ በአንድ ሻንጣ ሦስት መሮና አንድ ሞረድ ይዘው ድንበር ተሻገሩ። ሱማሊኛ ይናገራሉ፣ ግን ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረጉ። ሰዎች ይስቁባቸዋል፤ ግድ የላቸውም። ቅዱስ ነበሩ እያልኳችሁ አይደለም። ትንባሆ ይደብቃሉ። ሲነጫነጩ ውለው ሲነጫነጩ ያድራሉ። ሻይዬን ሳይጠይቁ ይጠጡና "ስኳር አነሰው" ይላሉ።

ያኔ ከተማው መሣሪያ በመሣሪያ ነበር። ክላሽ የያዘ ሁሉ "አስተካክልልኝ" እያለ ይመጣባቸዋል። አንዱንም አይነኩም። "እኔ የአደን ብቻ ነው የምሠራ። አንተ ግን በር ካስፈለገህ እሠራልሃለሁ" ብለው ይመልሱታል። አንዱ ጎረምሳ ተቆጥቶ አፈሙዙን ደረታቸው ላይ ደቀነ። እኔ ከመጋዙ ጠረጴዛ ስር ገብቻለሁ! እሳቸው አፈሙዙን በሁለት ጣት ዘወር አደረጉና "ዝጓል" አሉት። ልጁ አፍሮ ሄደ።

ሙሴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሴ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ዳር የሚኖር፣ ጅብ በማባረር የታወቀ ሰው ነው። አባቱ በእንግሊዝ ጊዜ ያገኙትን የድሮ የአደን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ብረቱ ደህና ነው፤ እንጨቱ ግን በጦርነቱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

"የመጀመሪያዋን እመታለሁ። ሁለተኛዋ ትሄድብኛለች። ሦስተኛዋን አላህ ነው የሚያውቃት" አለ።

ጋሽ ደምሴ ብረቱን በጥፍራቸው ጠቅ አደረጉት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ከደብተር ቀደው አንዲት ወረቀት በብረቱና በእንጨቱ መሀል ለማሳለፍ ሞከሩ። አላለፈችም።

"መኝታው አልተመቸውም" አሉ።

ከዚያ አስረዱን። ጥይት ሲወጣ ብረቱ ይርገበገባል። ሲደጋገም ደግሞ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይዘረጋል። ከፊት ለፊት ያለው እንጨት በአንድ ጎኑ ከነካው ይገፋዋል፤ በተኮስክ ቁጥር አንተ ያላሰብክበት ቦታ ይወስድሃል። ስለዚህ ብረቱ ከኋላ፣ ቃታው አካባቢ፣ እንጨቱ ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከፊት ግን ምንም መንካት የለበትም። "ከኋላ ሚስማር፣ ከፊት አየር" ይሉ ነበር። ይችን ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማኋት!

አዲሱን እንጨት ከዋንዛ ጠረቡት። ብረቱ የሚተኛበትን ቦይ ሲያወጡ የኩራዝ ጥቀርሻ ብረቱ ላይ ይቀባሉ፣ እንጨቱ ላይ ያስቀምጡታል፣ ያነሡታል። ጥቁር የነካውን ቦታ ብቻ በመሮ ይፍቃሉ። እንደገና ይቀባሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያነሣሉ። አሥራ አንድ ቀን! በር የሚጠብቅ ደንበኛ ደጃችን ላይ ይጮኻል።

"ጋሼ፣ ለጅብ እኮ ነው! ለሠርግ አይደል" አልኳቸው።

"ለጅቡማ ምን ቸገረኝ። ከጅቡ አጠገብ ለሚቆመው ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወርደው ሞከሩት። አምስት ጥይት፣ አምስቱም በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሸፈናሉ። ሙሴ ጠመንጃውን ሳመው። እሳቸው ግን ነጠቁትና "ገና ነው" አሉ። ለካ ዋንዛ ውሃ ይጠጣል። ውስጡም ውጭውም ሦስት ሦስት ጊዜ የተልባ ዘይት ካልጠጣ ዝናብ ሲመጣ ያብጣል፤ ያን ሁሉ ቀን የተለፋበትን አየር ይሞላዋል። የሰሊጥ ዘይት ሐርጌሳ ሞልቷል፤ እሱ ግን አይደርቅም። ተልባ ደግሞ ከጅጅጋ ካልመጣ የለም። አስመጡ። ሁለት ኪሎ። ያቺን ተልባ ሰጡኝና በግመል ከሚያስጨምቀው የሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ወስጄ እንዳስጨምቅ ላኩኝ። እሳቸው ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበር።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። ወሩ ሁዳዴ ነው። በሰው አገር ጾም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጾመ ያውቀዋል። ደጁ ሁሉ ሥጋና የግመል ወተት ነው፤ እኛ ስድስት ሰባት ቤተሰብ በሩዝና በቲማቲም እንገፋለን። እቴነሽ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ ስትመለስ ጉልበቷ ይከዳታል። ተልባ ካየች ዓመት አልፏታል። እኔ ሁለት ኪሎ ተልባ ተሸክሜ በደጄ እንዴት ልለፍ? ከግማሽ በላይ ገልብጬ ሰጠኋት። "ከየት አመጣኸው?" አለች። "ተገኘ" አልኳት። ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በጥብጣ ለአገራችን ልጅ ሁሉ አደረሰች። የዚያን ቀን የተመረቅኩት ምርቃት ለሰባት ትውልድ ይበቃል።

ከቀረው ተልባ የወጣው ዘይት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አልሞላም። ውጭውን ሁለት ጊዜ ቀባሁበት፣ አለቀ። ቦዩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ማን ያየዋል? ብረቱ ሲገጠም ይሸፈናል። ጋሽ ደምሴ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ "ውስጡንስ?" አሉኝ።

"ቀብቻለሁ።"

"ስንቴ?"

"ሦስቴ።"

አመኑኝ። ሙሴ በማግስቱ ጅብ ፍየል በላ ብሎ እየሮጠ መጣ፤ ብሎኑን አጥብቄ፣ ወረቀቷን በመሀሉ አሳልፌ አሳየሁትና ሰጠሁት።

ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ወረደ። አምስት ቀን ሙሉ። ሙሴ የሚኖረው በቆርቆሮና በጨርቅ በተሠራ ቤት ነው፤ ጠመንጃው ያንን ሁሉ እርጥበት ጠጣ። በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጅብ የጎረቤቱ የጃማ በረት ውስጥ ገባ። ሙሴና ጃማ በቤት መሥሪያ ቦታ ወሰን ተጣልተው ነበር፤ የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሏል፣ ሙሴ በሰው ፊት "አንድ ቀን ታገኛታለህ" ብሎታል። የዚያን ቀን ግን የጃማ ሚስት ስትጮኽ ሙሴ ጠብ መኖሩን ረስቶ ወጣ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ነው የተኮሰው። የመጀመሪያዋ በጅቡ ቀኝ አለፈች። ሁለተኛዋ ይበልጥ ወደ ቀኝ። በሦስተኛዋ ጊዜ ጃማ ዱላ ይዞ ከቀኝ በኩል ወደ ጅቡ እየሮጠ ነበር።

ጃማ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ሦስት ልጆች ነበሩት።

"ሙሴ ሦስት ጊዜ ስቶ አያውቅም!" አለ ዓሊ፣ የጃማ ወንድም። ድሮ ተዋጊ የነበረ፣ ተኩስ የሚያውቅ ሰው ነው። ወላሂ፣ ሰውየውን ያስፈረደበት የገዛ ዝናው ነው። ሁሉም የሚያውቀው ሙሴ የፈለገውን እንደሚመታ ነው፤ ስለዚህ የመታው የፈለገውን ነው። ሽማግሌዎቹ ከግራር ስር ተቀመጡ። የሚመሩት ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሰው ናቸው። ሆን ብሎ ነው ከተባለ ሙሴ ይገደላል። ስቶ ነው ከተባለ ወገኖቹ የደሙን ካሳ ተጋግዘው ይሸከማሉ፣ እሱ ይተርፋል።

የሙሴ እናት ሱቃችን ድረስ መጣች። ከደጁ ሳትገባ "ጠመንጃው ምን ሆኖ ነው? እባክህ ና፣ አንተ ታውቀዋለህ" አለቻቸው ጋሽ ደምሴን። ስትሄድ እጃቸውን ያዝኩ።

"አይሂዱ! እዚህ አገር ማን አለን? አንዱ አጠፋ ሲባል አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ መንደሩ ከኋላው ይቆማል። ከእርስዎ ኋላ ማን ይቆማል?"

ኮታቸውን ለበሱ። እኔም ተከተልኩ።

ጃማ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ፀሐይ ተመልሳለች። ጠመንጃው የከረመው በሐጂ ዩሱፍ የድንጋይ ቤት፣ ደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ማን ይተኩስ ሲባል ዓሊ "እኔ" አለ። "ሌላ ሰው አላምንም።" ድንጋይ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጉ። ሁለት መቶ እርምጃ ተቆጠረ። ዓሊ ተንበረከከና ሦስቱን አከታትሎ ለቀቀ። ሦስቱም መሀል ላይ።

"ይኸው!" ብሎ ጮኸ ዓሊ። "ጠመንጃው ቀጥ ያለ ነው! የተጣመመው የሰውየው ልብ ነው!" የሙሴ እናት አፈር ላይ ተደፋች። ሙሴ ራሱ በጠመንጃው ላይ ዓይኑን ተክሎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ይመስለኛል።

ጋሽ ደምሴ ካቻቢቴያቸውን አወጡ። "ልክፈተው" አሉ። ሐጂ ዩሱፍ ፈቀዱ። ብሎኖቹን ፈቱ፣ ብረቱን አነሡ፣ ቦዩን ወደ ብርሃን አዞሩት። ነጭ! ያ ነጭ እንጨት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አውራ ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉበት። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ አዩ። ክው አልኩ።

ወደ ሐጂ ዩሱፍ ዞረው በዚያ በተሰባበረ ሱማሊኛቸው ይናገሩ ጀመር። "ይህ እንጨት ጠጪ ነው። ጃማ በሞተበት ቀን ጠጥቶ ነበር፤ ዛሬ ደርቋል። ብረቱን ጥቁር ቅባት ቀብቼ መልሼ እገጥመዋለሁ። እናንተ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉትና ሁለት ሌሊት እናንተው ዘንድ ይደር። እኔ አልነካውም። ከዚያ ዓሊ ይተኩስ።"

"በወንድሜ ሬሳ ትጫወታላችሁ!" አለ ዓሊ።

"ዓሊ" አሉ ሐጂ ዩሱፍ፣ "ሙሴ ጥፋተኛ ከሆነ ከነገ ወዲያም ጥፋተኛ ነው። ሰውን ከገደልን በኋላ ግን ማጣራት አንችልም።" ዓሊ ምራቁን ተፋና ተስማማ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ እኔ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ውስጡን አልቀባሁትም።"

"አየሁ።"

"ዘይቱ አነሰ። ተልባውን እኮ…"

"ሚስትህ በጣሳ አምጥታልኛለች" አሉ። "ትኩሳቱ ላይ ነበርኩ። የማን ተልባ እንደሆነ ሳልጠይቅ ጠጣሁት። ጣፍጦኝ ነበር።"

እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። በመሮ እጀታ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። "ከነገ ወዲያ እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ" አልኩ።

"አትናገርም። ልጆች አሉህ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ሦስት መሮ አለኝ" አሉና ርምጃቸውን አፈጠኑ።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ጠመንጃው ከሳተ ሙሴ ይድናል፣ ጥፋቱ ግን ወደ እኛ ይዞራል። ካልሳተ እኛ እንድናለን፣ ሙሴ ይሞታል። በልቤ ምን እንደተመኘሁ እግዜር ያውቃል፤ ለሰው ለመናገር ግን አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ከመጀመሪያው እጥፍ ሆኖ መጣ። ሐጂ ዩሱፍ ጆንያውን በሁሉ ፊት ፈቱት። ዓሊ ጠመንጃውን በኮቱ እጅጌ ጠረገና ተንበረከከ። የመጀመሪያዋ ጨርቁ ላይ አረፈች፣ ግን ከመሀል ወደ ቀኝ ሸሽታ። ዓሊ ቀና ብሎ አየና እንደገና አነጣጠረ። ሁለተኛዋ የጨርቁን ጠርዝ ነካች። ሦስተኛዋ ጨርቁን ስታ በቀኙ ካለው ድንጋይ አቧራ አስነሣች። ከጨርቁ መሀል ሁለት ስንዝር ተኩል ይርቃል።

"እጄ ነው" አለ ዓሊ። "እጄ ተንቀጥቅጦ ነው።" ሌላ ሦስት ጥይት ለመነና ተኮሰ። ያው ነው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ።

ጋሽ ደምሴ ወደሱ ሄደው ወረቀቷን አወጡ። "አንተ አሳልፋት" አሉት። ዓሊ ወረቀቷን በብረቱና በእንጨቱ መሀል አስገብቶ ሳበ። ግማሽ መንገድ ሄደች፣ ተያዘች፣ ተቀደደች። ከዚያ ከፈቱት፤ በግራ በኩል ያለው የቦዩ ግድግዳ አብጦ ብረቱን ወደ ቀኝ ሲገፋ የነበረበት ቦታ በቅባት ጠቁሮ ይታያል። እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ብለው ጥቁሩን በመሮ ፋቁ። ፍቅፋቂው በነጭ ጥቅልል እየሆነ ጉልበታቸው ላይ ሲወድቅ መቶ ሰው ቆሞ ያያል። ገጠሙት። ወረቀቷ አለፈች። ዓሊ ተኮሰ፤ መሀል። እንደገና፤ መሀል።

"ሱብሃነላህ" አሉ ሐጂ ዩሱፍ። ዓሊ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። ለሁለት ሳምንት ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። ሙሴም አለቀሰ። እኔም ዕንባዬ መጣ፣ ግን የእኔ ዕንባ ሌላ ነበር።

ያኔ ሐጂ ዩሱፍ የጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁ። "ይህን እንጨት ውስጡን ሳይቀባ ለሙሴ የሰጠው ማን ነው?"

"እኔ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ዓሊ ቀና አለ። ጠመንጃው አሁንም እጁ ላይ ነው፤ ጥይት ቀርቶታል። ቀስ ብሎ ተነሣ። በሁለቱ መሀል አምስት እርምጃ ብትሆን ነው። እኔ ተነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ተነሥቼ ነበር! "ሐጂ፣ እኔ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ፈለቀ፣ ቁጭ በል" አሉኝ በአማርኛ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ቁጭ አልኩ። ታዘዝኩ ብል ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት። ዓሊ በእጁ ጠመንጃ ይዞ፣ ልጆቼ ቤት ሆነው፣ ከኋላዬ የሚቆም ሰው ሳይኖር፣ እሳቸው "ቁጭ በል" ሲሉኝ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።

"ደምሴ፣ ወገን አለህ?" አሉ ሐጂ ዩሱፍ። "ስለ አንተ የሚመልስ?"

"የለኝም።"

ከዚያ የሙሴ ሽማግሌ አጎት ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። "ይህ ሰው ዝም ቢል ልጃችን ይሞት ነበር" አለ። "ዛሬ የእኛ ነው። የሚመጣበት ሁሉ በእኛ ይምጣ።" ዓሊ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጥሎን ሄደ።

ፍርዱ ስቶ ነው የሚል ሆነ። ሙሴ ዳነ። ጋሽ ደምሴ ግን በዚህ አገር እስካሉ ድረስ ጠመንጃ ላይነኩ ማሉ። ማንም ሳያዛቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው መሐላውን ያቀረቡት። ከዚያ አርብ አርብ፣ እኛ በምናርፍበት ቀን፣ ጃማ ጀምሮት ወደቀረው ቤት መሄድ ጀመሩ። ሦስት በር፣ አምስት መስኮት፣ አንድ የዕቃ ሳጥን። እንጨቱን ከራሳቸው ነው ያመጡት። ዓሊ የወንድሙን ልጆች ሊያይ ይመጣል፤ እንደሌሉ ቆጥሯቸው ያልፋል። ሰላም አይላቸውም። እሳቸውም አይለምኑትም፤ መሯቸውን ይዘው ይሠራሉ። አንድ የዝናብ ወቅት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። አንድ አርብ ዓሊ በኩባያ ውሃ ይዞ መጥቶ አጠገባቸው አስቀምጦ ሄደ። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ማታ "ስኳር አነሰው" ሳይሉ ሻይዬን ጠጡ።

ስለ ተልባው እስኪሄዱ ድረስ አንዴም አላነሡብኝም። በር ስሠራ ብቻ፣ "ቀብቻለሁ" ስላቸው፣ "እሺ" ይሉና ቆይተው፣ እኔ ዞር ስል፣ የማይታየውን ጎን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር። አይቻቸዋለሁ። ልክ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ድሬዳዋ አንዲት የእህት ልጅ አለችኝ ብለው ሄዱ። ሄጄ ልጠይቃቸው እያልኩ ስንት ዓመት! ሁልጊዜ በር ነበረኝ የሚሠራ፣ ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። እውነቱ ግን ፊታቸውን ማየት ከብዶኝ ነው።

ሹፌሩ በነገረኝ ማግስት ጋአን ሊባህ ወደሚገኘው ወደ ዓሊ ሱቅ ሄድኩ። ሚስማርና ቀለም ይሸጣል፤ ሸምግሏል፤ ጺሙን በሒና ያቀላል። ከእሱ ብዙ ጊዜ ሚስማር ገዝቻለሁ፤ "ሰላም ዓሊ፣ ሰላም ፈለቀ" ከማለት አልፈን አናውቅም።

"ጋሽ ደምሴ አረፉ" አልኩት።

እጁ ሚዛኑ ላይ ቆመ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። ክርስቲያን ናቸው ብሎ አልተወውም። ከጠረጴዛው ዞሮ መጣና የራሱን ወንበር አቀረበልኝ። "በሮቹ እኮ ዛሬም በዝናብ አያብጡም" አለኝ። "የጃማ ልጅ በነዚያ በሮች ነው ሚስት ያስገባው።"

አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተልባውን፣ ጠርሙሱን፣ "ሦስቴ" ያልኩትን፣ ተነሥቼ የተቀመጥኩትን። ዓሊ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

"ያን ሽማግሌ ይቅር ለማለት ስንት ዓመት እንደወሰደብኝ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። አርብ በመጣ ቁጥር ልገድለው አስቤ ነው የምሄደው። ውሃ እስከሰጠሁት ቀን ድረስ።" ወንበሩን በእጁ ያዘና ወደ ጠረጴዛው ኋላ፣ ወደ ቦታው መለሰው። "ይቅር ያልኩት እሱን ነው፣ ፈለቀ። ያንተን ገና መጀመሬ ነው።"

አንዲት ሴት ቀለም ልትገዛ ገብታ ቆማ ነበር። ዓሊ ወደሷ ዞረና የትኛውን እንደምትፈልግ ጠየቃት።